የጋሽ ስተበርን ታፔላ

ታፔላ ጸሐፊው ፊደል አይስትም። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክርለታል። ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ቢሆንም «ሐኪም»ን በሃሌታው «ሀ»፣ «ሥራ»ን በእሳቱ «ሰ» ጽፎ አያውቅም። የፋርማሲው፣ የፀጉር ቤቱ፣ የጥርስ ሐኪሙ ታፔላ የእሱ እጅ ነው። እንግሊዝኛ ሲያዙትም ደንበኛው በወረቀት የሰጠውን እያየ አንዲት ፊደል ሳያንጋድድ ይገለብጠዋል። ምን ማለት እንደሆነ ግን አያውቅም። ሰዎች የሚጽፈውን ሁሉ የሚያውቅ ይመስላቸዋል፤ እሱም «የለም፣ አላውቅም» ብሏቸው አያውቅም። ሊዋሻቸው ፈልጎ አልነበረም። ዐይን አፋር ስለሆነ ሰው ሲያናግረው ብሩሹን ነው የሚያየው፤ ዝም ሲል ደግሞ ዝምታው እንደ እውቀት ተቆጠረለት።

የቀለም ጣሳዎቹን የሚደረድረው በአጎቱ የእንጨት ሥራ ቤት መግቢያ ላይ ነው። እናቱ ስትሞት ያሳደገው ይህ አናጺ አጎቱ ነው። ጥሩ አናጺ ነው፤ ጥሩ ሰሚ ግን አይደለም። አንዴ አለ ማለት አለ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ቤቱ ሲሠራ ተቆርጦ የቀረ የዛፍ ጉቶ አለ፤ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ እየተደናቀፈበት ነው የሚገባው። «ይህን ጉቶ እንንቀለው ጋሼ» ሲሉት፣ «ጉቶው ቀድሟችሁ ነው የመጣው፤ እናንተ ዙሩ» ይላል። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው፣ «የዚህ ቤት ዘበኛ እሱ ነው፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ያልነሣውን አያስገባም» እያለ ይቀልዳል።

አጎትየው አንድ የሚወደው ወሬ አለው። ወጣት ሳለ ከአንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ጋር ክሊኒክ ሲሠራ የደረሰበት ነው። መላጊያውን አስቀምጦ፣ የሰጋቱራ አቧራውን ከጢሙ ላይ አራግፎ ነው የሚጀምረው።

«መሐንዲሱ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት አለኝ። እኔ ደግሞ በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው አልኩ። እንግዳ ሲመጣ በሩን ፊቱ ላይ ልትወረውርበት ነው? በጥፊ እንደ መምታት እኮ ነው! አስተርጓሚው ወዲያ ወዲህ ሲል ጉሮሮው ደረቀ። አፍርስ አሉኝ፣ አፈረስኩ። ሥራ አሉኝ፣ ሠራሁ። ወደ ውስጥ! በሦስተኛው መሐንዲሱ ራሱ መጣ። በሩን ሳበ፣ ሳበ፣ እምቢ አለው። ቢገፋው ወለል! ያን ጊዜ ባርኔጣውን አወለቀ። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋና፣ ስተበርን! ስተበርን! አለኝ። በሕይወቴ ባርኔጣውን ያወለቀልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።»

«አስተርጓሚውስ ምን አለ?» ይለዋል ልብስ ሰፊው፣ መልሱን ስንት ጊዜ የሰማው ሰውዬ።

«እሱማ ሳቀ። ደስ ብሎት።»

«በሩስ?»

«በሩንማ እኔ ከሄድኩ በኋላ ቀናተኞች ማጠፊያውን ገለበጡት።»

ጸሐፊው ይህን ወሬ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ አድጓል። ጥያቄው የመጣው ግን እሱ ታፔላ በመጻፍ ስም ካወጣ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ልብስ ሰፊው ነበር፣ ሁለት ደንበኞችም ነበሩ። አጎትየው ወሬውን እንደ ልማዱ ጨርሶ ድንገት ወደ እሱ ዞረ።

«አንተ የእንግሊዝኛ ሰው አይደለህ እንዴ? እስቲ ንገረን፤ ስተበርን ማለት ምን ማለት ነው?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ጸሐፊው ብሩሹን አየ። «አላውቅም» የምትለው ቃል ጥርሱ ጋ ደርሳ፣ የሰውን ዐይን አይታ ተመለሰች። ባርኔጣው የወለቀለት ሰው ፊቱ ቆሞ ይጠብቃል። ታሪኩ ራሱ መልሱን ያቀበለው መሰለው።

«የማይበገር» አለ። «የማይበገር ማለት ነው ጋሼ።»

አጎትየው ዐይኑ እንባ አቀረረ። «የማይበገር!» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እኮ ጎበዝ ምናምን ያለኝ ነበር የመሰለኝ።»

ሳምንት ሳይሞላው ታፔላ ይጻፍልኝ አለ። ጸሐፊው የቃሉን የእንግሊዝኛ ፊደል ስለማያውቀው «በአማርኛ ቢሆን ሁሉም ያነበዋል» ብሎ አመለጠ። በቀይ ቀለም፣ በጥቁር ጥላ፣ እንደ እሱ ግምት ከጻፋቸው ሁሉ ያማረውን ጻፈ፦ «ስተበርን የእንጨት ሥራ»። የሰፈሩ ሰው አጎቱን ጋሽ ስተበርን ይለው ጀመር። ቃሉ አልያዝ ያላቸው ደግሞ «ጋሽ ሰበርን» አሉት። ልብስ ሰፊው ይህችን ሲሰማ መቀሱን ጥሎ ሳቀ። «ተው እንጂ ወዳጄ! የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ ሰበርን ብለህ ጽፈህ ወንበሩን ማን ያምንሃል?»

«ይቀናብኛል» ይላል አጎትየው። «የሱ ታፔላ ልብስ ስፌት ነው የሚለው። ባርኔጣ ማንም አላወለቀለት።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ከረመ። አንድ ሰኞ ጠዋት ጸሐፊው በሩ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ የዳቦ ቤት ታፔላ ሲቀባ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር የያዘች ሴት መጣች። ጉቶው አደናቀፋት፤ ወንበሩን ተደግፋ ቀና ስትል ታፔላውን አነበበች። አንዴ አየችው፣ ደገመችና ሳቀች። በወንበሩ ጀርባ ተደግፋ፣ ዐይኗን እየጠረገች ነው የሳቀችው። ከሰፈሩ በላይ ባለው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የምታስተምር መምህርት ናት።

«ይቅርታ፣ ይህን ስም ማን አወጣው?»

«አጎቴ።»

«ትርጉሙን ያውቁታል?»

«አዎ» አለ ጸሐፊው ብሩሹን እያየ። እሱ ራሱ ነዋ የነገረው።

«ግትር ማለት እንደሆነ እያወቁ ነው በራቸው ላይ ያጻፉት?»

ከብሩሹ ጫፍ አንድ ጠብታ ቀለም «ዳቦ» የሚለው ቃል ላይ ወደቀ፤ እሱ ደግሞ በሥራው ላይ ቀለም ጥሎ አያውቅም። «አላወቁም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ማለት ያለበት ያን ጊዜ ነበር። በኋላ ደጋግሞ ያሰበው ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ቢለው ኖሮ እዚያው በሩ ላይ ያልቅ ነበር። ግን ሴትዮዋ የተማረች ናት፤ ወጣት ናት፤ ቆማ ታየዋለች።

«አዎ» አለ።

«እንዲህ ያለ ሰው ነው የምፈልገው!» አለች መምህርቷ። «በራሱ የሚስቅ ሰው የት ይገኛል?» ብላ ወንበሯን አንጠልጥላ ገባች።

የሚቀጥለውን ከበር ላይ ሆኖ ሰማው። ትምህርት ቤቱ በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ባለሙያ እየጋበዘ ስለ ሥራው ያስወራል። መምህርቷ፣ «እርስዎ ደግሞ ስለ ሥራዎም ስለዚህ ስምዎም ቢነግሯቸው» አለች። አጎትየው፣ «ስለ ስሜ? ስለ ስሜማ ሌት ተቀን ባወራ አልጠግብም!» አለ። «ልጆቹ ይደሰታሉ» አለች። «እኔም እደሰታለሁ» አለ። ሁለቱም ደስ አላቸው። ሁለቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር እንደሆነ የሚያውቀው ሰው በር ላይ ተቀምጦ ቀለም ይበጠብጣል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

እስከ ዓርብ ድረስ ሊነግረው ቆረጠ። የመጀመሪያውን ቀን ምሳ ላይ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጋሼ፣ ያ ቃል…» ብሎ ጀመረ። አጎትየው ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «ቃሉንማ ልክ መሐንዲሱ እንዳለው ነው የምለው። ስማ!» ብሎ ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ «ስተበርን!» አለ። «እንዲህ ነው ወይስ ትንሽ ጮክ ልበል?» ጸሐፊው፣ «እንዲህ ይበቃል» አለ።

በማግስቱ አጎቱ ሳንቆቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እንደ ተማሪ ፊት ለፊቱ አቁሞ ሲያወራላቸው አየው። «ልጆች» ይላቸዋል ለሳንቆቹ፣ «በዓለም ላይ የማይበገር መሆንን የመሰለ ነገር የለም።» ጸሐፊው ይህን አይቶ እግሩ ወደ ኋላ ተመለሰ። ኮቱ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ያችን ውሃ የምታንጠባጥብ ኮት ማየት ከሁሉ ባሰበት።

በመጨረሻ ወደ አጎቱ ሚስት ሄደ። ኮቱን ስትተኩስ አገኛትና፣ ዐይኑን ከካውያው ላይ ሳይነቅል ሁሉንም ነገራት። መጀመሪያ ሳቀች። ካውያውን ማስቀመጥ እስኪያቅታት ሳቀች።

«እኔ ስንት ዓመት ስነግረው የኖርኩትን ፈረንጁ በአንድ ቃል ነገረው! እሱ ደግሞ በር ላይ ሰቀለው!»

ከዚያ የኮቱን እጅጌ አየችና ሳቋ ጠፋ። «ውይ ልጄ» አለች። «በልጆች ፊት?»

«አንቺ ብትነግሪው እትዬ…»

«እኔ ብነግረው ያው የድሮ ጭቅጭቋን በፈረንጅ ቋንቋ አመጣችው ይለኛል። ምላስህ የቋጠረውን ምላስህ ይፍታው። ነገ ሳይሆን ዛሬ።»

ዛሬ አልሆነም። ነገም አልሆነም። ዓርብ ጠዋት ሆነ።

አጎትየው ኮቱን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ አንዲት ትንሽ በር በብብቱ ይዞ ወጣ። ለልጆቹ ማሳያ የሠራት ናት፤ ከነማጠፊያዋ ከክንድ አትበልጥም። ወደ ውስጥ ነው የምትከፈተው። ጸሐፊው አብሮት ሄደ፤ «ና እንጂ፣ ትርጉሙን የነገርከኝ አንተ አይደለህ!» ስላለው እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። የትምህርት ቤቱ አጥር ሲታይ እግሩ መሬቱን ያዘ።

«ጋሼ። ቃሉ የማይበገር ማለት አይደለም።»

«የቱ ቃል?»

«ስተበርን። ግትር ማለት ነው። መምህርቷ ነገረችኝ። እኔ ያን ቀን ሳላውቅ ነው የተናገርኩት።»

አጎትየው ቆመ። በሯን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወራት።

«አይደለም» አለ።

«ነው ጋሼ።»

«እንዴት ነው የሚሆነው? አንተ የማይበገር ነው አላልክም?»

«ብያለሁ፤ ግን…»

«አንድ ቃል ስንት ትርጉም ነው ያለው? ያን ቀን ሰው ፊት ጠይቄህ ነው የመለስከው። መንገድ ላይ ጠይቄሃለሁ? አልጠየቅኩህም።»

«እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት እኮ ጋሼ!»

«ትሁና! እሷ ነበረች እዚያ? መሐንዲሱን አይታዋለች? ባርኔጣውን ሲያወልቅ አይታዋለች? ግትር ለሚሉት ሰው ባርኔጣ የሚያወልቅ ማን አለ?» ፊቱ ቀልቶ ነበር። «አንተ ፈርተሃል። ሰው ፊት መቆም ስለምትፈራ እኔም የምፈራ መሰለህ። ና ይልቅ፣ ረፈደብን።»

ብትበርም ፍየል ናት የሚባለው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ከኋላው ተከተለ። ነግሬዋለሁ ብሎ ትንሽ ሊቀልለው ይገባ ነበር፤ አልቀለለውም። እውነቱ ሊታመን ያልቻለው ውሸቱ በደንብ ስለተሠራ እንደሆነ ያውቃል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጸሐፊው በስተ ኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። መምህርቷ አጎቱን አስተዋወቀች፦ «ዛሬ የመጡልን እንግዳ በራቸው ላይ የራሳቸውን ጠባይ በእንግሊዝኛ ያጻፉ ሰው ናቸው። ስማቸውን ራሳቸው ይንገሯችሁ።»

አጎትየው ማይኩን እንደ መዶሻ እጀታ ጨበጠው። «ስሜ» አለ፣ «ስተበርን ነው!»

ሳቁ ከፊት ረድፍ ተነሥቶ እስከ ግድግዳው ደረሰ። አጎትየው ደስ አለው። እንዲህ ያለ አቀባበል ገጥሞት አያውቅም። ወሬውን ጀመረ። በሩን ሳበ፣ እምቢ አለው ሲል ሳቁ፤ ቢገፋው ወለል ሲል ትንሿን በር ከፍቶ አሳያቸው፤ እየተንፈራፈሩ ሳቁ። ባርኔጣው ላይ ሲደርስ መምህርቷም አፏን በእጇ ይዛ ነበር። ጸሐፊው ብቻ አልሳቀም። ሳቁ የሚወርደው እሱ ላይ መሰለው።

«ያን ጊዜ መሐንዲሱ የነገረኝን ቃል» አለ አጎትየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከ ዛሬ እንደ ኒሻን ነው የያዝኩት። እናንተ ትምህርት ላይ ናችሁ፤ ታውቁታላችሁ። ስተበርን ማለት ምን ማለት ነው?»

«ግትር!» አለ አዳራሹ ባንድ አፍ።

አጎትየው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «ምን?» አለ።

«ግትር!» አሉ ልጆቹ፤ አሁንም የቀልዱ ክፍል መስሏቸዋል። አንዱ፣ «ድርቅ ያለ!» አለ። ሌላዋ፣ «እሺ የማይል!» አለች።

መምህርቷ ፊቷ ተለወጠ። እሷ ናት መጀመሪያ የገባት። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመድ አለችና ቆመች።

አጎትየው ዐይኑን አነሣ። ከራሶቹ ሁሉ በላይ አሻግሮ ከግድግዳው አጠገብ የቆመውን አገኘው። ጸሐፊው እጁ የበሩን እጀታ ይዞ ነበር፤ መቼ እንደያዘው አያውቅም። መውጣት ይችላል። ወይም ድምፁን አውጥቶ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ይችላል። ሁለቱንም አላደረገም። እንደ ምሰሶ ደርቆ ቆመ። ከሁሉ በኋላ እንቅልፍ የነሣው ይህች ነገር ናት፤ ዝም ማለቱ።

የፊት ረድፍ ልጆች ወደ ኋላ ዞሩ።

«የእህቴ ልጅ» አለ አጎትየው በማይኩ፣ «ታፔላውን የጻፈልኝ፣ ዛሬ ጠዋት እዚህ አጥሩ ጋ ሲደርስ ነግሮኛል። ጋሼ፣ ግትር ማለት ነው አለኝ። አይደለም አልኩት። ነው አለኝ። አይደለም አልኩት።» ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «እንግዲህ ስሙ ለእኔ ይገባል አይገባም፣ እናንተው ፍረዱ።»

ልጆቹ ፈነዱ። አጨበጨቡ። ያሁኑ ሳቅ ሌላ ነበር፤ አጎትየው ግን አልሳቀም። የጸሐፊውን ውሸት አላነሣም። ከጠዋቱ ጀምሮ ያለውን ብቻ ነው የነገራቸው፤ ከዚያ በፊት ያለውን በኮቱ ሸፈነለት። ጸሐፊው ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ በሩ አሁን ወደየት ነው የሚከፈተው?»

«ወደ ውጭ» አለ አጎትየው። ቀናተኞቹን ሊያነሣ ሲል አፉ ላይ ቀሩበት። «የመውጫ በር ነበር። እሳት ቢነሣ፣ በሽተኛ በአልጋ ቢያወጡ… ለመውጫ ነበር። እንግዳ የሚገባበት አልነበረም።» ይህን ሲናገር ራሱም ያን ጊዜ የሰማው ይመስል ነበር።

አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ደግሞ ወደ መምህርቷ ዞረች። «ቲቸር፣ ቃሉ ከየት ነው የመጣው?»

መምህርቷ ወደ አጎትየው ጠጋ ብላ ቆመች። «በትክክል አይታወቅም» አለች። «አንዳንዶች ጉቶ ከሚለው ቃል ነው ይላሉ። ዛፉ ተቆርጦ ከሄደ በኋላ መሬቱን ነክሶ የሚቀረው ጉቶ። የእኛም ግትር እኮ መገተር ከሚለው ነው፤ ተገትሮ ቀረ እንላለን። ግን የእንግሊዝኛውን ያጠኑት ሰዎችም እርግጠኞች አይደሉም። እኔም አላውቅም።»

እኔም አላውቅም። በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት፣ ማይክ ይዛ፣ ዐይኗን ሳትሰብር አለችው። ማንም አልሳቀባትም። ልጅቷም «እሺ» ብላ ተቀመጠች። ጸሐፊው ያችን ቃል ከአፏ ስትወጣ አያት፤ ከሌላው ቃል አትረዝምም፣ አትከብድም።

ወደ ቤት ተመለሱ። አጎትየው ትንሿን በር ለመምህርቷ ትቶላት ስለነበር እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጸሐፊው ከጎኑም ከኋላውም ሳይሆን መሀል ላይ እየሄደ፣ «ይቅርታ ጋሼ» የሚለውን በሆዱ እየጻፈ ያጠፋዋል። ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ አጎትየው ጉቶው ላይ ቁጭ አለ።

«ባርኔጣውን ያወለቀው ተናዶ ነው ማለት ነው» አለ።

ጸሐፊው ጣሳዎቹ አጠገብ ቆመ።

«አስተርጓሚውም የሳቀው…» አልጨረሰውም። ከጉልበቱ ላይ የሌለ ሰጋቱራ አራገፈ። «ስንት ዓመት አወራሁት! ለስንት ሰው!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ። ያን ቀን አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። ሰው ሁሉ ያውቃል ስለሚለኝ… ዛሬም አዳራሹ ውስጥ መናገር ነበረብኝ። እጄ በሩ ላይ ነበር።»

«አይቼሃለሁ።»

«ለምን ሸፈንከኝ?»

«ታዲያ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ራቁትህን ላቁምህ?» አጎትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። ዐይኑ አልተቆጣም፤ የደከመ ነው። «አላውቅም ማለት ያሳፍራል እንዴ?» አለና፣ ሳይመለስለት ራሱ መለሰው። «ያሳፍራል። ያን ቀን አስተርጓሚው አጠገቤ ቆሞ ነበር እኮ። ከዚህ እስከ ጣሳህ አይርቅም። ምን አለ? ብዬ ብጠይቀው ምን ነበረበት? ሰው ሁሉ ያየኝ ስለነበር እንደገባኝ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ።»

ጸሐፊው መሰላሉን አመጣ፣ ነጭ ቀለም ከፈተ፣ ወደ ታፔላው ወጣ። ብሩሹን ነክሮ የመጀመሪያዋን ፊደል ሊያጠፋ ሲል፣ «ውረድ» አለው አጎቱ።

«ላጥፋው እንጂ ጋሼ።»

«አይጠፋም።»

«ሰው ሁሉ ሊስቅብህ ነው?»

«እስከ ዛሬስ ሲስቅ አልነበር? አሁን ቢያንስ ምን እንደሚያስቀው አውቃለሁ። ስሜ ነው፤ አይጠፋም። ውረድ አልኩህ።» ልብስ ሰፊው ከበሩ ብቅ ብሎ፣ «ምን ሆናችሁ ጋሽ ሰበርን?» ሲል፣ አጎትየው ሳይዞር እጁን ብቻ ወደ መሰላሉ ቀሰረ። «እሱን ጠይቀው። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ስሜ የሚጠይቅ ሁሉ እሱን ነው የሚጠይቀው። ጮክ ብሎ ይነግራችኋል።» ተነሥቶ ኮቱን አወለቀና ገባ። ወዲያው የመላጊያው ድምፅ ተሰማ።

ጸሐፊው መሰላሉ ላይ እንዳለ ለልብስ ሰፊው ነገረው። ቃሉንም፣ ያን ቀን የዋሸውንም፣ ለመምህርቷ ሁለት ጊዜ አዎ ማለቱንም። ልብስ ሰፊው እንደማይስቅ ሰው ሰማውና ከዚያ ሳቀ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። የፋርማሲው ባለቤት ታፔላውን ወደ ላይ እያየ፣ «የእኔ ላይ ስለጻፍከውስ እርግጠኛ ነህ?» አለው፤ ግማሹ ቀልድ ነበር፣ ግማሹ አልነበረም። የዳቦ ቤቱም ሰውዬ የጠብታዋን ነገር አነሣ። የተከበረበት ዝምታ በአንድ ሳምንት ዝምታ ብቻ ሆነ።

ወጪ ወራጁ ሁሉ ይጠይቀዋል። እሱም ይናገራል፤ በየጊዜው ፊቱ ፍም እየመሰለ። ኀፍረቱ እየተደጋገመ ይለመዳል ብሎ ነበር። አልተለመደም።

አንድ ቀን ከሌላ ሰፈር የመጣ፣ ቁም ሣጥን የሚያሠራ ሰውዬ ጉቶው አደናቀፈው። ተራገመና ቀና ሲል ታፔላውን አነበበ።

«ስተበርን ደግሞ ምንድነው?»

ጸሐፊው ብሩሹን ሊያይ ነበር፤ አንገቱን ቀና አደረገና ሰውዬውን አየው። «ግትር ማለት ነው። እንግሊዝኛ ነው።»

«ይገርማል! ከምን የመጣ ቃል ነው?»

ውስጥ መላጊያው ቆመ። እንጨቱ ላይ ተደግፎ የሚያዳምጥ ሰው እንዳለ ጸሐፊው አወቀ። ከጉቶ ነው ቢል የሚያምር መልስ ነው፤ ሰውዬው ደግሞ አሁን ነው የተደናቀፈበት፤ ይስቃል፣ ይደነቃል፣ ይህ ልጅ ያውቃል ይላል።

«ከጉቶ ነው የሚሉ አሉ» አለ። «ግን አላውቅም።»

ሰውዬው «እሺ» ብሎ ጉቶውን ዞሮ ገባ። መላጊያውም ቀጠለ።